«ነገ ጠዋት ላናግርህ እፈልጋለሁ»

[ስክሪን ላይ፦ የስልክ ቻት፣ አንድ መልእክት ብቻ]

ማታ ቤትህ ተቀምጠህ አለቃህ ይህቺን ላከልህ። «ነገ ጠዋት ላናግርህ እፈልጋለሁ።» ሌላ ምንም የለም። በቃ፣ እራቱ አልወርድ ይልሃል። ባለፈው ሳምንት ያረፈድክበት ቀን ትዝ ይልሃል፣ ሪፖርቱ ላይ የሳትካት ቁጥር ትመጣለች፣ ከዚያ ደግሞ ስብሰባ ላይ የቀለድካት ቀልድ፣ እሷማ ከሁሉም ትብሳለች። ጠዋት ስትገባ ሰውየው የፈለገው የዓመት እረፍትህ መቼ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ክፉ ሆኖ አይደለም። ሲጽፍ በጆሮው የሚሰማው ድምፅ ለስላሳ ነበር። ድምፁ ግን ከጽሑፉ ጋር አልመጣም።

[ጣት ጠረጴዛ ሲመታ]

እ.ኤ.አ. በ1990 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤልዛቤት ኒውተን ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ አደረገች። ሌሎች ዘፈኑን ይገምታሉ። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቅልናል ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ነው። ሦስት! መቺው ጭንቅላት ውስጥ ዜማው ከነግጥሙ እየተዘፈነ ነው፤ አድማጩ ጋ የሚደርሰው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ብቻ።

ኢሜይልም ያው ነው። እነ ጀስቲን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ላኪዎቹ አሽሙራቸውና ቁም ነገራቸው 78 በመቶ ይለይልናል ብለው ገመቱ። ተቀባዮቹ የለዩት 56 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውረህም እኮ 50 ታገኛለህ።

ታዲያ የጎደለውን ተቀባዩ በምን ይሞላዋል? በራሱ ስጋት። ያችው መልእክት ከጓደኛህ ብትመጣ ኖሮ ቀና ብለህም አታያትም። ከአለቃ ስትመጣ ግን ክብደቷ ሌላ ነው፣ አለቃው ደግሞ ይህን ክብደት ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። «ስለ እረፍትህ ነው» ብትጨመርበት፣ ሦስት ቃል፣ አንተ እራትህን በሰላም ትበላ ነበር።

[ስክሪን ላይ፦ ግሩፕ ቻት፣ በአውራ ጣት ምልክት የተሞላ]

ይሄኛው ደግሞ የምላሹ ጉድ ነው። ረጅም መመሪያ ትልካለህ፣ በሰከንድ ውስጥ አውራ ጣት ይዘንባል። ገባቸው ማለት ነው? አይተውታል ማለት ነው፣ ያም ከሆነ። ስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለ?» ብለህ ሁሉም ዝም ሲልም ያው ነው። ያልገባው ሰው አልገባኝም የሚል የመጀመሪያው መሆን አይፈልግም፣ እኔም ብሆን አልፈልግም።

እኔ አሁን «ግልጽ ነው?» ማለት ትቻለሁ። «ከየቱ ትጀምራለህ?» ነው የምለው። መልሱን ስሰማ አንዳንዴ የነገርኩትና የሰማው ጭራሽ አይተዋወቁም።