ለሊኑክስ ድራይቨር መጻፍ፦ በአንዲት የሙቀት ሴንሰር

(በምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ራስበሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሦስት እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ሴንሰር፣ ከጎኗ ላፕቶፕ።)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾች። የዛሬው ርእሳችን የሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተሩን ዕቃዎችና ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት) አንድን ዕቃ ለይቶ እንዲያውቅና እንዲያዝዘው የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨር፣ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ለማሳያ የመረጥናት ዲኤስ18ቢ20 የተባለችው የሙቀት ሴንሰር ናት። ዋጋዋ አይከብድም፣ እግሮቿም ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከደሴ ጋቢ ደርቦ ተሳፍሮ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ለሚይዝ የወሎ ሰው ደግሞ የምትለካው ነገር ባዳ አይሆንበትም።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሊኑክስ ኮዱ ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ ድራይቨር መጻፍ የሚማር ሰው በየዕለቱ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ማሽኖች ላይ የሚሠራውን ኮድ ራሱን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ከጠቅላላው የከርነል ኮድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ስለሆነ የምሳሌ እጥረት የለም። የእኛዋ ሴንሰርም ቢሆን ዱብልዩ1-ተርም የሚባል ድራይቨር ከተጻፈላት ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ለመማር ብቻ ነው፤ ለአንድ የሴንሰር ቤተሰብ ሁለት ድራይቨር እንዲመዘገብ ከርነሉ ስለማይፈቅድም፣ የራሳችንን ከመጫናችን በፊት ነባሩን ማስወጣት ይኖርብናል።

ሲ ቋንቋን፣ በተለይም ፖይንተርን፣ ሳይለምዱ ወደዚህ ሥራ መግባት አይመከርም። ተራ ፕሮግራም የማይገባውን የሜሞሪ ቦታ ሲነካ የሚዘጋው ያ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ድራይቨር ተመሳሳይ ስሕተት ሲሠራ ግን የሚናጋው ከርነሉ ስለሆነ ማሽኑ በሙሉ ሊቆም፣ በዲስኩ ላይ ያለው ሰነድም ሊበላሽ ይችላል። በዚህም የተነሳ የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች የትምህርት ጽሑፋችሁ በተቀመጠበት ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ አትሞክሩ። ኪውኢሙ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ በውስጡ ምናባዊ ማሽን አስነሡ፤ ቢሞት እንደገና ይነሣል።

ሴንሰሯን ገበያ ላይ ያላገኘ ሰውም እዚያው ኪውኢሙ ውስጥ መጀመር ይችላል። በቼክ ሪፐብሊክ ለሚገኘው የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ የከርነል ትምህርት ታስቦ የተሠራ፣ ኢዱ የሚባል ምናባዊ ካርድ አለው። በአንዱ ሪጅስተር (ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ላይ ቁጥር ስትጽፉለት ፋክቶሪያሉን አስልቶ በዚያው ይመልስላችኋል፤ 5 ብትሰጡት 120 ታነባላችሁ። ሥራው ሲያልቅ ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያስቋርጥ ምልክት፣ እንዲልክም ማድረግ ይቻላል። እንደኔ አመለካከት ለድራይቨር ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም፤ አይቃጠልም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ስለ ኢንተርኔት ፍጆታም አንድ ነገር እንበል። ሙሉው የከርነል ኮድ ታምቆ እንኳ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን፣ የለውጦቹን ታሪክ በሙሉ ጊት በተባለው ፕሮግራም ካወረዳችሁት ደግሞ በጊጋባይት ስለሚቆጠር፣ በሞባይል ፓኬጅ የምትማሩ ሰዎች በዚህ አትጀምሩ። ለመጀመሪያው ሞጁል፣ ማለትም በሚሠራ ከርነል ላይ ለሚጫንና ለሚወጣ የኮድ ቁራጭ፣ ኮምፓይለሩና የምትጠቀሙበት ከርነል ሄደር ፋይሎች ብቻ ይበቃሉ።

(በምስል፦ የመጀመሪያው ሞጁል ኮድ፣ ቀጥሎ የከርነሉ የመልእክት መዝገብ።)

የመጀመሪያው ሞጁል ሲጫን የሚጠራ አንድ ፋንክሽንና ሲወጣ የሚጠራ ሌላ ፋንክሽን ብቻ አለው፤ ሁለቱም በከርነሉ መዝገብ ላይ አንዳንድ መስመር ይጽፋሉ። ፈቃዱን ጂፒኤል (ሊኑክስ ራሱ የወጣበት የክፍት ኮድ ፈቃድ) ብላችሁ መጻፍ እንዳትረሱ፤ ከርነሉ ብዙዎቹን የውስጥ ፋንክሽኖች የሚፈቅደው ለዚህ ፈቃድ ብቻ ነው። ለአንድ የከርነል እትም የተሠራ ሞጁል በሌላ እትም ላይ አልጫንም ሊል ስለሚችል፣ ሲስተሙን ካደሳችሁ በኋላ ሞጁሉንም እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ የታመነ ፊርማ ያለውን ኮድ ብቻ የሚያሳልፍ ጥበቃ) በበራበት ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ያልተፈረመ ሞጁል ኮዱ ትክክል ቢሆንም ሊከለከል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ስሕተቱን ኮዳችሁ ውስጥ አትፈልጉት።

ወደ ሴንሰሯ እንምጣ። ሙቀቱን የምትሰጠን በዲግሪ ሴልሲየስ ሳይሆን በዲግሪ 1/16ኛ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 370 የሚል ቁጥር ብትሰጠን ትክክለኛው ሙቀት 23.125 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በተራ ፕሮግራም ቢሆን ለ16 አካፍለን በጨረስን ነበር። ከርነል ውስጥ ግን የነጥብ ቁጥር አይሠራበትም፤ ከርነሉ ሥራ ሲረከብ የፕሮሰሰሩን የነጥብ ቁጥር ሪጅስተሮች እንደነበሩ ስለሚተዋቸው፣ ድራይቨሩ ቢነካቸው የሌላውን ፕሮግራም ስሌት ያበላሻል። ስለዚህ በሊኑክስ የተለመደው አሠራር ሙቀትን በዲግሪ ሺሕኛ፣ በሙሉ ቁጥር ማቅረብ ነው። እዚህ ላይ የስሌቱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ይሆናል፤ 370ን አስቀድመን ለ16 ካካፈልን 23 ብቻ ይቀርና በ1,000 ሲባዛ 23,000 ይሆናል፣ አስቀድመን በ1,000 አባዝተን ከዚያ ለ16 ስናካፍል ግን 23,125 እናገኛለን። ኮምፓይለሩ ስለ ሁለቱም ምንም አይልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሴንሰሯ በሙሉ ጥራት፣ ማለትም በ12 ቢት፣ አንዴ ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ትወስዳለች። ይህ ለፕሮሰሰር እጅግ ረጅም ጊዜ ስለሆነ፣ ድራይቨሩ በባዶ ሉፕ እየዞረ መጠበቅ የለበትም፤ ተኝቶ ሲደርስ መንቃት አለበት። ነገር ግን መተኛት በሁሉም ቦታ አይፈቀድም፤ ኢንተራፕት እየተስተናገደ ባለበት ወይም ስፒንሎክ (ሌላው ፈላጊ እየዞረ የሚጠብቀው ሎክ፣ ማለትም መቆለፊያ) በተያዘበት ጊዜ የተኛ ድራይቨር ማሽኑን ሊያደርቀው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፋንክሽን ስትጽፉ «ይህ የሚጠራው በየትኛው ሁኔታ ነው?» ብላችሁ መጠየቅን ልማድ አድርጉ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉም ይልቅ የምቆምበት ጉዳይ የዕቃውን ቃል ያለማመን ነው። ዲኤስ18ቢ20 ኃይል አግኝታ ስትነሣ፣ ገና ምንም ሳትለካ፣ በሜሞሪዋ ላይ 85 ዲግሪ የሚል ቁጥር ይዛ ነው የምትነሣው። ልኬቱ በተጀመረበት ቅጽበት ኃይል ለአፍታ ቢቋረጥባት፣ ይህም መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሠፈር ለሚኖር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ ድራይቨሩ የሚያነበው ይህንኑ 85 ነው። ከመረጃው ጋር የሚላከው የሲአርሲ ማረጋገጫ ቁጥርም ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ሲአርሲ የሚመሰክረው መረጃው በመንገድ ላይ አለመበላሸቱን እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም። ስለሆነም ድራይቨሩ ሲአርሲውን ከመረመረ በኋላ፣ በትክክል 85 ካገኘ አንዴ እንደገና ማስለካት፣ የሚመለሰውም እምነት የማይጣልበት ከሆነ ለጠየቀው ፕሮግራም ቁጥር ሳይሆን የስሕተት ኮድ መመለስ ይኖርበታል። የደሴን ውርጭ 85 ዲግሪ ብሎ ከሚዘግብ ድራይቨር «ማንበብ አልቻልኩም» የሚል ይሻላል።

(በምስል፦ የድራይቨሩ የመነሻ ፋንክሽን፣ የስሕተት መውጫዎቹ በቀለም ተለይተው።)

አሁን የምታዩት ዕቃው ሲገኝ የሚጠራው ፋንክሽን ነው። በመጀመሪያ ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ሎኩን ያዘጋጃል፣ በመጨረሻም ሙቀቱ የሚነበብበትን ፋይል ይከፍታል። ሦስተኛው እርምጃ ቢከሽፍ የቀደሙትን ሁለቱን ማፍረስ የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ አይሱዙ ላይ ዕቃ የጫነ ሰው መጨረሻ የጫነውን አስቀድሞ እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ድራይቨርም የሚያፈርሰው ከሠራበት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። ጎቱ የተባለውን የዝላይ ትእዛዝ በክፍል ውስጥ እንዳትጠቀሙ ተነግሯችሁ ይሆናል፤ በከርነል ኮድ ግን ለዚህ ዓይነቱ መውጫ ተቀባይነት ያለው አጻጻፍ ነው። ዴቭኤም በሚል የሚጀምሩት ፋንክሽኖች አብዛኛውን ማፍረስ በራሳቸው ስለሚሠሩ ያቀሉላችኋል፤ ቢሆንም በእጃችሁ አንድ ጊዜ ሳትጽፉት ወደእነሱ አትለፉ።

የተነበበውን ወደ ፕሮግራሙ በምታስተላልፉበትም ጊዜ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በካራክተር ዲቫይስ፣ ማለትም ፕሮግራሞች እንደ ፋይል ከፍተው ባይት በባይት በሚያነቡት መንገድ፣ በኩል የምትሠሩ ከሆነ ፕሮግራሙ የሰጣችሁን የሜሞሪ አድራሻ በቀጥታ አትጻፉበት፤ አድራሻው የውሸት ሊሆን ይችላል። ኮፒ-ቱ-ዩዘር የተባለው ፋንክሽን አድራሻውን መርምሮ ይገለብጣል፣ ካልቻለም ያልተገለበጠውን የባይት ብዛት ይነግራችኋል። ይህን መልስ ሳያዩ ማለፍ ጀማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታይ ግድፈት ነው።

ድራይቨሩ ሲሠራ ከታየ በኋላ ፈተናው ይጀምራል። ሙቀቱ በተከታታይ እየተነበበ ሳለ የመረጃውን ሽቦ ንቀሉት፣ መልሱትም። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዲያነቡ አድርጉ። ፋይሉ ክፍት እንደሆነ ሞጁሉን ለማስወጣት ሞክሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ የከርነሉን መዝገብ ክፈቱና «ኡፕስ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ካለ፣ ስሕተቱ የደረሰበትን ፋንክሽን ስም እዚያው ታገኙታላችሁ።

ከዚህ አልፎ ወደ ዋናው ከርነል ኮድ መላክ የሚፈልግ ሰው አዲስ ድራይቨር ይዞ ባይጀምር ይመረጣል። በነባር ድራይቨር ውስጥ መልሱ ሳይታይ የታለፈ አንድ ፋንክሽን ፈልጉ፤ ያንን ብቻ አስተካክላችሁ፣ ከኮዱ ጋር በሚመጣው ቼክፓች በተባለው ፕሮግራም አስመርምራችሁ፣ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጌት-ሜንቴነር በተባለው ሌላ ፕሮግራም አውጥታችሁ፣ ከስማችሁ ጋር የፊርማ መስመሩን አክላችሁ በተራ ጽሑፍ ኢሜይል ላኩት። መልሱ አጭርና ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ የተባለውን አርማችሁ፣ ሁለተኛ እትም መሆኑን ርእሱ ላይ ጠቅሳችሁ መልሳችሁ ላኩት።