እባቡ ማሽኑ ውስጥ ነው

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ!

በዕረፍት ቀናችሁ ከዋሽንግተንም ከሜሪላንድም ነድታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁን የማውቃችሁ ለፋሲካ በግና ፍየል ፍለጋ እዚህ ቨርጂኒያ ገጠር ስትመጡ ነው። ዘንድሮ ደግሞ «ለምን ራሴ አላረባም?» ማለት ጀምራችኋል። ደግ አደረጋችሁ። ታዲያ በኪራይ መሬት ላይ እንጨት ተክሎ ሽቦ መወጠር ገንዘብ መቅበር ነው። ተጠቅልሎ የሚነሳው የኤሌክትሪክ መረብ የተሠራው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው።

ይህ በእጄ የያዝኩት መረብ የፕላስቲክ ክር ነው። ከክሩ ጋር እንደ ፀጉር የቀጠነ የማይዝግ ሽቦ ተገምዷል። ጉልበት የለውም፤ አንድ ሙክት ቢደገፍበት ይወድቃል። ከብቱን የሚያቆመው ፍርሃት ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? መረቡ ልጡ ነው። እባቡ ያለው መረቡ ላይ ኮረንቲ የሚልከው ማሽን ውስጥ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ማሽኑ ላይ አውጡ።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ መረብ ገዝቼ ማሽኑን በርካሹ አለፍኩት። አንድ ቀን ማለዳ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ፍየሎቼ አኩሪ አተሩ ውስጥ ገብተው ቁርስ ላይ ናቸው። ሮጬ ሄድኩ። መረቡ ቆሟል። በጄ ነካሁት፤ ምንም! ሣሩ አድጎ ክሮቹን አቅፏቸዋል፣ ጤዛ ተጨምሮበታል፣ ኮረንቲው በሣሩ በኩል መሬት እየገባ ያልቃል። ያቺ ደካማ ማሽን ከየት ታምጣ? ሻጩ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን ሲነግራችሁ፣ ሣር ሳይነካው ነው ወይስ ነክቶት ብላችሁ ጠይቁት። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ጁል፣ ማለትም የምቱን ጉልበት መለኪያ፣ እዩ፤ ከሚያስፈልጋችሁ ከፍ ያለውን ውሰዱ። መረቡን ከመዘርጋታችሁ በፊትም መስመሩን እጨዱ።

ማሽኑ በሰከንድ አንድ ጊዜ ግድም ይመታል። ምቱ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ ያንሳል፤ ነዝሮ ይለቃል። ከቤት ሶኬት ገመድ ስቦ መረቡ ላይ ማሰር ግን ሰው ይገድላል። «እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ» የሚል ዘመድ ቢኖራችሁም እንዳትሰሙት።

ቴስተር፣ ማለትም የአጥር ቮልት መለኪያ፣ ግዙ። የምትለኩት ማሽኑ አጠገብ ሳይሆን የመረቡ ጫፍ ላይ ነው። ከ3,000 ቮልት በታች ከሆነ ፍየል ይንቀዋል። ፀጉራም በግ ካላችሁ 4,000ና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ፀጉሩ ኮረንቲ አያሳልፍም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግራውንዱን ነው። ኮረንቲው በአፍንጫ ገብቶ በእግር ወደ መሬት ይወርድና ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። መመለሻ በሩ መሬት ውስጥ የምትተክሉት ዘንግ ነው። በኦገስት ሙቀት አፈሩ ሲደርቅ በሩ ይዘጋል። እኔ ዘንጉ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ሳቁብኝ፣ ግን ይሠራል። ደረቅ ቦታ ላላችሁ፣ አንዱ ክር ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ የሆነ መረብ አለ። እንስሳው ሁለቱን አንድ ላይ ሲነካ ይነዝረዋል፤ በደረቅ መሬት ላይ ያን ያህል አይደክምም።

ወደ መረቡ ስመጣ፣ ለበግ 90 ሴንቲ ሜትር ግድም ይበቃል። ዘላይ ፍየል ያለው ከ1 ሜትር በላይ ይፈልግ። ለዶሮ ዓይኑ ጠበብ ያለው አለ። ለላም መረብ አትግዙ፤ አንድ ሁለት ሽቦ ይበቃታል። ድንጋያማ ቦታ ከሆነ እግሩ ባለ አንድ ሹል ካስማ ይሻላል።

ስፋቱን ሒሳብ ሥሩ። 50 ሜትር የሆነ ሁለት ጥቅል በካሬ ቢዘረጋ 625 ካሬ ሜትር ያጥራል። አራት ጥቅል ግን 2,500 ያጥራል። መረቡ እጥፍ ሲሆን ግጦሹ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ቀንዳም ፍየል ላይ ግን ልባችሁ አይረፍ። አንድ ወጠጤ ነበረኝ። ከመረቡ ማዶ ቅጠል ታየው፣ ጭንቅላቱን አሾለከ፣ ሊመለስ ሲል ቀንዱ ተያዘ። በየሰከንዱ ይመታዋል፤ እየታገለ የባሰ ይጠመጠማል። ስደርስ ምላሱ ወጥቶ ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ ክሩን በቢላ ቆራርጬ አወጣሁት። ወጠጤው ተረፈ፣ መረቡ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ አዲስ የገባ ፍየል መጀመሪያ በጠንካራ አጥር ውስጥ መረቡን አይቶ፣ በአፍንጫው ነክቶ፣ አንድ ሁለት ቀን ይማራል። ማሽኑንም «አሁን ለምደዋል» ብዬ አላጠፋም። አንድ ቀን የጠፋበትን እነሱ ከኔ ቀድመው ያውቁታል።

ከምሳ በኋላ ከጎተራው ጀርባ የዘረጋሁትን እናያለን። ጥቅሉን ማንሳትና መትከል ራሳችሁ ትሞክሩታላችሁ። እስከዚያ ልጆቻችሁን ያዙልኝ፤ ማሽኑ በርቷል።