ቀለሙን የሚቀባው ማን ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ርዕሱም ለብዙ ሰው ቁም ነገር የሚመስል አይደለም፤ ቀለም ነው። ቪም ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው፤ ጂቪም ደግሞ የራሱ መስኮት ያለው ቪም። ጂቪም ላይ ዓይን የሚያሳርፍ ከለር ስኪም፣ ማለትም የቀለም ምርጫ፣ መርጣችኋል እንበል። እዚያ የከፈታችሁትን ፋይል ተርሚናል ውስጥ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ፕሮግራም ውስጥ፣ በቪም ስትከፍቱት ግን መልኩ ሌላ ነው። ፋይሉ ያው፣ ስኪሙ ያው፣ ስክሪኑም ያው። ታዲያ ቀለሙ የት ገባ?

የስኪሙን ፋይል ራሱን ክፈቱና እዩት። ለኮሜንቱም ለስትሪንጉም፣ ለእያንዳንዱ የኮድ ክፍል፣ ቀለም የሚሰጠው ለጂቪምና ለተርሚናል ለየብቻ ነው። "ጂዩአይ" ብሎ የሚጀምረው ለጂቪም መስኮት፣ "ሲተርም" ብሎ የሚጀምረው ለተርሚናሉ። አንዳንድ የስኪም ሠሪዎች የመጀመሪያውን ሞልተው ሁለተኛውን ይተዉታል። ተርሚናሉ እንግዲህ ያልተነገረውን ከየት ያምጣው?

ቢሞሉትም ጣጣው አያልቅም። በተለመደው መንገድ ተርሚናሉ የሚቀበለው የቀለም ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 255። የመጀመሪያዎቹ 16 የራሱ የተርሚናሉ ናቸው፤ "ቀይ" ሲባል የትኛው ቀይ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። የመጨረሻዎቹ 24 ግራጫ ናቸው። መሃል ላይ ያሉት 216 ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በ6 በ6 ደረጃ ተቀላቅለው የሚወጡ ናቸው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። የእያንዳንዱ ቀለም መጠን ከ0 እስከ 255 ይለካል እንበል፤ ደረጃዎቹ 0፣ 95፣ 135፣ 175፣ 215፣ 255 ናቸው። አያችሁት? ከ0 በአንዴ ዘሎ 95! ጨለም ያሉት ቀለሞች የሚኖሩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ሶላራይዝድ የሚባለውን ከለር ስኪም ውሰዱ። የጨለማ ጀርባው ቀይ 0፣ አረንጓዴ 43፣ ሰማያዊ 54 ነው። ከ256ቱ ውስጥ ለሱ ቅርቡን ብትፈልጉ የምታገኙት 28፣ 28፣ 28 ነው። ደረቅ ግራጫ። ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው መልክ ጭራሽ የለም። ሲኤስአፕሮክስ የሚባለው ፕለጊን፣ ማለትም ቪም ላይ የሚጨመር መሣሪያ፣ ይህን የማቀራረብ ሥራ ይሠራል። ጎበዝ ነው፣ ግን የሌለ ቀለም ከየትም አይወልድም።

ሶላራይዝድ ራሱ ሌላ መላ አለው፦ የተርሚናሉን 16 ቀለሞች በራሱ ቀለሞች መተካት። ቪም ያምርበታል። ግን ሌላ ፕሮግራም ደማቅ አረንጓዴ ብሎ ሲጠራ የሚወጣለት ግራጫ ነው። ይኼ እኔን ያናድደኛል።

እፎይታው የመጣው በ2016 ነው። "ተርምጂዩአይከለርስ" የሚባለውን የቪም ማስተካከያ ስታበሩ ቪም የጂዩአዩን ቀለም እንዳለ ይልከዋል፣ ሙሉውን 24 ቢት፣ ማለትም ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 ያለውን ደረጃ ሁሉ። ከቪም የተወለደው ኒዮቪም ከ0.10 ጀምሮ ተርሚናሉ እንደሚችል ካወቀ ሳትነግሩት ያበራዋል። ከበራ በኋላም ቀለሙ ደብዘዝ ካለባችሁ መጀመሪያ አንዱን ተርሚናል ብዙ አድርጎ የሚከፋፍለውን ቲመክስን ጠርጥሩ። ውጭ ያለው ተርሚናል ሙሉ ቀለም እንደሚችል ካላወቀ የመጣለትን ወደ 256 አውርዶ ነው የሚያሳልፈው። ከቲመክስ ወጥታችሁ ቪምን ብቻውን ክፈቱት። እዚያ ካማረ ስኪሙን ለቀቅ አድርጋችሁ የቲመክስን ኮንፊግ ያዙ።

በራሴ ማሽን ላይ ሙሉ ቀለሙን ነው የምጠቀመው። ከሩቅ ሆኜ በኔትወርክ፣ በኤስኤስኤች፣ የምገባበት ሰርቨር ላይ ግን ምንም ስኪም አልጭንም። ሰርቨሩ የሚልከው ቁጥር ነው፣ 16ቱን የሚቀባልኝ እዚህ ፊቴ ያለው ተርሚናል ነው። ስለዚህ አንዴ እዚህ ያስተካከልኩት የትም ብገባ ያው ነው።