ጫማሽን አድርጊው፣ እማዬ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ቀይዋ መብራት በርታለች።

እንኳን አደረሳችሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ዛሬ ባለፈው የጀመርኩትን የቤት ኪራዩን ጉዳይ ልጨርስላችሁ ነበር፤ "መጨረሻው ምን ሆነ?" ብላችሁ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አይቻለሁ፣ ይደርሳል። ግን አፌ ወደዚያ አልሄድ አለኝ። እማዬ አገር ቤት ከተመለሰች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች፣ እኔ ግን አሁንም አንድ በር ላይ ነኝ። ላድሎው ያለው የቤተ ክርስቲያን በር ላይ።

ፎቶዎቹን አይታችኋል። ግንቡን፣ ገበያውን፣ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ቀዩን ፔርሙዝ እንደ ሕፃን ታቅፋ የቆመችበትን። አዎ፣ ያው ፔርሙዝ ነው፣ በአውሮፕላን የመጣው። ፍልሰታ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተከፈተም፤ ቡናው እንደታሸገ ከኛ ጋር ሲዞር ዋለ። ያቺን ፎቶ ሳነሳት የበሩ ነገር ገና አልሆነም። ለዚህ ነው ደጋግሜ የማያት። ፊቷ እንዴት እንደሚያበራ...

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ላድሎው እንግሊዝ አገር፣ ሽሮፕሸር ውስጥ ናት፣ ወደ ዌልስ ድንበር ጠጋ ብላ። ከማንቸስተር ባቡሩ ቀጥታ ነው፣ መቀየር የለውም፤ ለጉልበቷ ብዬ ነው እሷን የመረጥኩት። ትንሽ ከተማ ናት። ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች፣ ከሥሯ ቲም የሚባል ወንዝ ይዞራታል፣ ጫፏ ላይ ግንቡ አለ፣ ከግንቡ በር ፊት ለፊት ደግሞ ገበያው። እማዬ ድንኳኖቹን ስታይ "ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?" አለች። ቅዳሜ ነበር። "እንዴ፣ እነሱም ቅዳሜ ይገበያያሉ!" አለች፣ በቃ ከዚያ በኋላ አገሩ የሷ ሆነ። አንዱ አይብ ሻጭ በቢላ ጫፍ ቆርጦ ቅመሺ አላት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች። እሱም ምን እንደገባው እንጃ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መለሰላት።

ግንቡን የጀመሩት ደ ላሲ የሚባሉ የኖርማን ባላባቶች ናቸው፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ። አሁን ጣራ የለውም፤ ግድግዳውና ሣሩ ብቻ ነው የቀረው። ግን ግቢው መሀል አንዲት የጸሎት ቤት አለች፣ የመግደላዊት ማርያም፣ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች። ክብ ናት! እዚህ አገር ክብ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልብ አይገኝም። እማዬ ገና ከሩቅ ስታያት ቆመች። "የኛ ናት" አለች። የኛ አይደለችም፣ እንዲያውም ኢየሩሳሌም ያለውን የጌታን መቃብር አስበው ነው ክብ ያደረጓት ይባላል፤ ግን ምን ብዬ ልከራከራት? ሦስት ጊዜ ዞረቻት። ከዚያ የበሩን ቅስት ተሳለመች፣ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆየች፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ... አዎ። እዚያ አውልቃ ነበር። እኔም ምንም አላልኩም። ደስ ብሎኝ ፎቶ ሳነሳ ነበር። ማንም አልነበረማ።

ማንም አልነበረም። ይሄንን ዓረፍተ ነገር ነው ለራሴ መመለስ ያቃተኝ።

የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ከገበያው ጀርባ ነው። ትልቅ ነው፣ ካቴድራል ነው የሚመስለው፤ የሱፍ ንግድ ገንዘብ ነው ያሠራው። የመግቢያው ደጀ ሰላም ስድስት ማዕዘን ነው። እዚያ ገባን። እማዬ ፔርሙዙን ለኔ ሰጠችኝ፣ በግራ እጇ ግድግዳውን ያዘች፣ ጎንበስ አለች። የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታ አየሁ። አንዱን ፈታች። ከውስጥ ሰዎች ይታያሉ፣ ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቆመዋል፣ ከኋላችን ደግሞ ሁለት ሰዎች መንገድ እስክንለቅ እየጠበቁ ነው። እኔም፣ "እማዬ፣ ጫማሽን አድርጊው" አልኳት።

በምን ድምፅ እንዳልኩት ልነግራችሁ አልችልም። ቀስ ብዬ ነው፣ ግን ፈጥኜ። ልጅ ሆነን ሰው ፊት ስናስቸግር እሷ ራሷ የምትቆነጥጠን ዓይነት ድምፅ።

"ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?"

"ነው። ግን እዚህ አይወለቅም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በበሩ ወደ ውስጥ አየች፣ ወደ ሰዎቹ እግር። ቡትስ፣ ስኒከር። ምንም አላለችም። እግሯን መልሳ ከተተች፣ ማሰር ግን ጎንበስ ማለቱ ከበዳት መሰለኝ፣ እኔ ተንበርክኬ አሰርኩላት። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ለሙሴ የተባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ደግሞ የእናቴን ጫማ አስሬ አስገባኋት።

እ... 

ውስጡ እኮ ያምራል። ልነግራችሁ የምፈልገው እሱን ነበር። እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው "ታቦቱ የማን ነው?" ብላ ነው። ቅዱስ ሎረንስ አልኳት፣ የሮም ዲያቆን፣ በ258 በእሳት ላይ የተሠዋ። "ዲያቆን ነው? እንደ እስጢፋኖስ?" አለችና አማተበች። ካህናቱ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሃያ ስምንት ተጣጣፊ የእንጨት መቀመጫዎች አሉ፣ ወደ ላይ ሲታጠፉ ከሥራቸው ትንሽ መደገፊያ ብቅ ትላለች። ሥርዓቱ ረጅም ስለነበር ቆመው ሳለ ወገባቸውን እንዲያሳርፉባት ነው። ይሄን ስተረጉምላት "ውይ፣ መቋሚያ አልነበራቸውማ!" አለች፣ ከልቧ አዝና። ከመደገፊያዎቹ ሥር ቅርጻ ቅርጽ አለ፤ አንዱ ላይ መስፈሪያ የምታጎድል መጠጥ ሻጭ ሰይጣን ተሸክሟት ወደ ሲኦል ሲወስዳት ይታያል። እማዬ ያንን አይታ ሳቀች፣ የሰፈራችን ጠላ ሻጭ ትዝ አለቻት፤ ስሟን አልጠራም፣ ልጆቿ ይሰሙኛል። እና ያኔ "አልቀየመችም" አልኩ በሆዴ። አያችሁ፣ ስትስቅ...

ከዚያ ሴትዮዋ መጡ። በጎ ፈቃደኛ ናቸው፣ ሰማንያ የሚሆናቸው፣ ድምፃቸው ደግሞ ለስላሳ። ስለ አርተር ነገሩን።

አርተር የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ የበኩር ልጅ ነው፣ አልጋ ወራሽ። ከስፔን የመጣችውን ካትሪንን ኖቬምበር 14 ቀን 1501 ለንደን አገባ፤ እሱ አሥራ አምስት፣ እሷ ሊሞላት ወር የቀራት አሥራ ስድስት። ከዚያ እዚህ ግንብ መጥተው ተቀመጡ። ኤፕሪል 2 ቀን 1502 ሞተ። ምን እንደገደለው እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም። እሷም ታማ ነበር፣ ግን ተረፈች። አስከሬኑን ወደ ዉስተር ሲወስዱት ዝናቡና ጭቃው ከመክፋቱ የተነሣ ሠረገላውን በበሬ እስከመጎተት ደረሱ። ልቡ ግን እዚሁ ቀርቷል ይባላል፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

እኔ የታሪኩ ቀጣይ ነበር የሚገርመኝ። ካትሪን ኋላ የታናሽ ወንድሙ የስምንተኛው ሄንሪ ሚስት ሆነች፣ ሄንሪ ሊፈታት ሲፈልግ ደግሞ በ1529 ሙግቱ ሁሉ ላድሎው ላይ ተመለሰ፤ እነዚያ ሁለት ልጆች በነዚያ ጥቂት ወራት ባልና ሚስት ሆነው ነበር ወይስ አልሆኑም። እሷ አልሆንንም ብላ እስከ ሞቷ ጸናች። እንግሊዝ ከሮም የተለየችው በዚያ መዘዝ ነው። ይሄን ሁሉ ለእማዬ ልተረጉም አፌን ስከፍት፣ እሷ ገና በሬው ላይ ናት። "ልጅ በበሬ ተጎትቶ..." አለች። "እናቱስ? ነገሯት?"

ነግረዋታል። ለንደን ነበረች። እማዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አመጣች። ሴትዮዋ ወንበር ሳቡላት። ከዚያው ግንብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላም ልጅ ወጥቷል፣ ኤድዋርድ፣ አባቱ ሲሞት ነገሠ ተብሎ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ ለንደን የተነሣ፤ ዘውድ ሳይደፋ ከታናሹ ጋር ለንደን ግንብ ውስጥ ደብዛው የጠፋ። እሱን አልተረጎምኩላትም። በቃት።

ቆይታ ቆይታ ምን አለች መሰላችሁ? "የዚህ ልቡ እዚህ ነው፣ ገላው ሌላ ቦታ። የኛ ልጅ ግን ልቡም ገላውም እዚሁ ነው።" የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ ዓለማየሁን ማለቷ ነው። ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ የመጣው፣ እናቱ መንገድ ላይ የሞተችበት፣ ሊድስ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያረፈው። ዊንዘር ነው ያለው። በ2023 ቤተሰቦቹ አፅሙ ይመለስ ብለው ጠይቀው ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል፣ አጠገቡ የተቀበሩትን የሌሎቹን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ። ቤት ገብቼ ዓመቱን ሳይ፣ የሞተው ኖቬምበር 14 ነው፣ 1879። የአርተር ሠርግ ቀን። ከዚህ ምንም ነገር ላወጣ አልፈልግም። አየሁት፣ በቃ። ግን ያ ሁሉ ለአንዱ ልጅ ልብ የሚደረግ ጥንቃቄ፣ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ እዚህ ነው እዚያ ነው እየተባለ... እሺ፣ ይሄ ሌላ ቀን። አሁን ብጀምረው እናደዳለሁ።

ስንወጣ ነው። ሴትዮዋ እስከ በሩ ሸኙን፣ እና ጠየቁኝ፤ "እናትሽ ቅድም በሩ ላይ የወደቀባቸው ነገር ነበር? ሲፈልጉ ያየሁ መሰለኝ።"

እኔም፣ "አይ፣ ጫማቸው ጠብቋቸው ነው" አልኩ።

ጠብቋቸው ነው። እማዬ አጠገቤ ቆማ፣ አንዱም ቃል ሳይገባት፣ ለሴትዮዋ ጎንበስ እያለች እጅ ትነሳለች። ምን ነበረበት? "እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወለቃል" ማለት ስንት ቃል ነው? ሴትዮዋ ደስ ይላቸው ነበር እኮ! የአርተርን በሬዎች ሲነግሩን ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ሴትዮ ናቸው። ምናልባት እንዲያውም... አላውቅም። ላይሆንም ይችላል። ወለሉ ይበርዳል ይሏት ይሆናል።

ከሰዓት ስቶክሴይ ሄድን፣ በባቡር አንድ ፌርማታ ነው፣ ከዚያ ትንሽ የእግር መንገድ። እሱን ብታዩት! የመሳፍንት አይደለም፣ የላድሎው ሎረንስ የሚባል የሱፍ ነጋዴ ቤት ነው፤ በ1291 ምሽግ አድርጎ እንዲሠራው ንጉሡ ፈቀዱለት፣ በሦስተኛው ዓመት ሱፍ ከጫነች መርከብ ጋር ሰጠመ። አዳራሹ ውስጥ ምድጃው መሀል ወለሉ ላይ ነው፣ ጭስ ማውጫ የለም። እማዬ ወደ ጣራው ቀና ብላ "ጭሱ በዚያ ነው የሚወጣው፣ እንደ እናቴ ቤት" አለች፣ ሳልነግራት። ስለ እናቷ ሰምቼ የማላውቀውን ሁሉ እዚያ ነገረችኝ፤ ጭሱ ዓይኗን እንዴት እንዳጠፋው፣ ሽንብራ ሲቆላ የማን እጅ እንደሚቀድም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውጭ ሣሩ ላይ ፔርሙዙ ተከፈተ። ትኩስ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቡና የለም።

ግንቡ አጠገብ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። የመጥምቁ ዮሐንስ። ስነግራት "ዮሐንስ! እሱን ለማክበር አይደል አገሬ የምገባው" አለች፣ እንቁጣጣሽን ማለቷ ነው። ተነሣን። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሦስት ጊዜ ሰገደች፣ የድንጋይ አጥሩን ተሳለመች። እኔ ቀድሜ ገብቼ በሩን ከፍቼላት ነበር።

"ነይ እንጂ።"

"ከደጅ ተሳልሜያለሁ፣ ይበቃኛል" አለች።

ደክሟት ይሆናል። ጉልበቷ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላለች። ግን ደግሞ ታውቃላችሁ ማን እንደሆነ ከደጅ የሚሳለም። ባቡሩ ላይ ተኛች፣ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ፣ እኔ ጫማዋን እያየሁ ማንቸስተር ደረስን። ያሰርኩት እንዳለ ነው። አልላላም።

ለበዓሉ ደወልኩላት። ስለዚያ ምድጃ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። "ያቺ ሴትዮ ደኅና ናት? ወንበር የሰጠችኝ?" አለችኝ። ደኅና ናቸው አልኳት፣ እኔ ምን አውቄ። ልጠይቃት ነበር፣ ስቶክሴይ ለምን አልገባሽም ልላት። ከዚያ ዶሮው ደረሰ ብለው ጠሯት።

አሁን እዚያ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ ሌሊት። ኪዳን ልትሄድ ስትነሣ እደውልላታለሁ ብዬ ነው እስካሁን ያልተኛሁት። ግን በሩ ላይ ስትደርስ ነው ወይስ ከቤት ሳትወጣ... ጫማዋን ስታደርግ ማለቴ ነው፣ ያኔ ከደወልኩ...