ለጥሩምባ የተቆረጠ ጨዋታ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የፊት ወንበሮች እንደተለመደው ባዶ ናቸውና እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ።

የዘንድሮው ርዕሳችን የመጀመሪያዎቹ ፊልሞችና ሸክላዎች ናቸው። ሁለቱን ያገናኘናቸው በምክንያት ነው። ፈረንሳዮቹ የፊልም ፈር ቀዳጆች፣ የሉሚየር ወንድማማቾች፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1895 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ አስከፍለው ፊልም ሲያሳዩ፣ ምስሉ ድምፅ አልነበረውም። የጎደለውን የሚሞላው አዳራሹ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቹ ምስሉን እያየ ይጫወታል፤ ተመልካቹ ይስቃል፣ ይጮኻል። በ1908 ደግሞ ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ካሚል ሳን-ሳንስ ለአንድ አጭር ፊልም ሙዚቃ ደረሰ።

በዚያ ዘመን ሸክላ የሚያስቀዳው ዘፋኝ ግን ተመልካች የለውም። ማይክሮፎንም የለም። ዘፋኙ ትልቅ ጥሩምባ አፍ ላይ ይቆማል፤ ድምፁ መርፌዋን ያንቀጠቅጣታል፣ እሷም ድምፁ የሚቀዳበትን ሰም ትጭራለች። ለስለስ ያለ ድምፅ አይያዝም። ቫዮሊን እንኳ አልሰማ ብሎ፣ የራሱ ጥሩምባ የተገጠመለት ተሠርቶ ነበር። የጣሊያናዊው የኦፔራ ዘፋኝ የካሩሶ ጉልበተኛ ድምፅ ግን ተስማማው፤ በ1902 ሚላን ውስጥ፣ ሆቴል ክፍል ሆኖ የቀዳቸው ዘፈኖች ስሙን በየአገሩ አዳረሱት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የድምፅ መልእክት ዛሬም አለ። ንግሥቲቱ የላኩላቸው ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ስለ መኪና ሊማሩ ጀርመን የተላኩት ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ እዚያው ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀዱ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች የእሳቸው ናቸው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የጊዜው ነገር ነው። የዚያን ዘመን ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው። የማሲንቆ ጨዋታ ግን ሲያሻው ያነጋል። «ተቀበል!» የሚል ሰው ይፈልጋል፤ ግጥም የሚያቀብል፣ የሚያስቅ፣ ነካ የሚያደርግ። ጀርመናዊው ቀጂ ግጥሙን ከየት ያምጣ? ስለዚህ እነዚያን ሸክላዎች ሰምቶ «የጥንቱ አዘፋፈን ይኸው ነው» ማለት አይዋጥልኝም። ለጥሩምባው ተብሎ የተቆረጠ ጨዋታ ነው። አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ ከምሳ በኋላ እንከራከራለን።

ማታ የምናሳያቸውን አጫጭር ፊልሞች ማሲንቆ ያጅባቸዋል። ተጫዋቹ ፊልሞቹን አስቀድሞ አላያቸውም፤ ሆን ብለን ነው። ግጥም የመጣለት አይፈር፣ ያቀብል።

ሸክላ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ፣ አደራ፣ ቤት ባለ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ለሚዞረው ሸክላ በተሠራ ማጫወቻ መርፌ አትሞክሩት። መርፌው በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው ለጥንቱ ሸክላ ቦይ ቀጭን ነው፤ ሸክላውን ያበላሸዋል። በር ላይ አስመዝግቡ፤ የሚሆነው መርፌ እዚያ አለ።

ጉባኤው ተከፍቷል።