ጥቁር እንስሳ በጨለማ ወር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው ስለ ኦርካ ፎቶ ነው፤ ገዳይ ዓሣ ነባሪ እየተባለ ስለሚጠራው፣ በዘሩ ግን ከዶልፊኖች ወገን ስለሆነው እንስሳ። ቦታው ሰሜን ኖርዌይ፣ ሼርቮይ አካባቢ ነው። በዚያ አገር የብርድ ወቅት ሲገባ የሄሪንግ ዓሣ መንጋ ወደ ፊዮርዶቹ፣ በተራሮች መሐል ወዳሉት ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ ይገባል፣ ኦርካውም ይከተለዋል። ጣጣው ዓሣው የሚመጣው ብርሃኑ ሲሄድ መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥምቀት ሰሞን ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ ቀኑ ማለት ጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ድንግዝግዝታ ነው። ምርጫው የእኔ ከሆነ ኖቬምበር ሳይጋመስ እላለሁ።

ሸተሩን፣ ማለትም የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት፣ 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ሲጨልም እስከ 1/500 ውረዱ፤ ከዚያ በታች ጀልባውም እንስሳውም ስለሚንቀሳቀሱ ክንፉ ይደበዝዛል። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ሌንሱ እስከፈቀደ ክፈቱት፣ አይ ኤስ ኦውም፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 3200 ወይም 6400 ቢደርስ አትፍሩ፤ ፎቶው ላይ የሚወጣው አሸዋ መሳይ ነገር በኋላ ይቀነሳል። መጋለጡን፣ ማለትም ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን፣ ግን በእጅ ወስኑት። ለካሜራው ከተዋችሁት ጥቁር ጀርባና ጥቁር ውሃ ሲያይ «ጨለመ» ብሎ ያበራዋል፣ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ነጭ ምልክት ተቃጥሎ ባዶ ይቀራል። በረዶ የለበሰ ተራራ ከኋላ ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ኦርካው ከሰል ይሆናል።

በትንሽ ጀልባ ላይ ትሪፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትርፍ ሸክም ነው፤ ባለ 100-400 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ ይበቃል። ባለ 600 ይዞ የሚመጣ ሰው እይታው ስለሚጠብበት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ውሃ ሲፈልግ ይውላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ትንፋሹ። ኦርካ አጫጭር ትንፋሾችን አከታትሎ ይወስድና ጠለቅ ብሎ ለደቂቃዎች ይሰወራል። የመጀመሪያውን የትንፋሽ ጭጋግ አይታችሁ ካሜራ ካነሳችሁ የምታገኙት እየሰመጠ ያለ ጀርባ ነው። እሱን ተዉት፤ አቅጣጫውን ብቻ ያዙ። ከዚያ ሌንሱን ከመንገዱ ፊት አድርጋችሁ፣ ፎከሱን በዚያው ርቀት ይዛችሁ ሁለተኛውን ጠብቁ። የባሕር ወፎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲጮሁ ከሥር ኦርካዎቹ ሄሪንጉን ከብበው በጭራቸው እየመቱ ያደነዝዙታል ማለት ነው። ያኔ ጀልባው ራቅ ብሎ ፍጥነቱን ይቀንስ። መሐል የገባ ጀልባ መንጋውን ይበትናል፣ ምግባቸውንም የእናንተንም ፎቶ ያበላሻል።

ሰው ሁሉ ዝላይ ይፈልጋል። እኔ የምሟገተው ለዚያ «አሰልቺ» ለሚባለው የጎን ፎቶ ነው። ካናዳዊው የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ማይክል ቢግ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ኦርካዎችን አንድ በአንድ የለየው በእንዲህ ያለ ፎቶ ነው፤ በጀርባ ክንፉ ቅርጽና ጠባሳ፣ ከክንፉ ኋላ ባለው ግራጫ ምልክት። የአዋቂ ወንድ ክንፍ እስከ 1.8 ሜትር ስለሚቆም ከሩቅም ይያዛል፤ የሴቷ አጭርና ጎበጥ ያለ ነው። ለመለያ እንዲሆን በትክክል ከጎን፣ ክንፉና ግራጫው አብረው ይታዩ። ግራና ቀኙ አንድ ስላልሆነ ከተቻለ ሁለቱንም አንሱ። ቀኑንና ቦታውንም መዝግቡ፤ ያለዚያ ለተመራማሪ ብዙም አይረባም።

የጨው ውሃ ሌንሱ ላይ ከተረጨ በደረቅ ጨርቅ አትሹት፣ የደረቀው ጨው ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ አንሱት። ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል። ወደ ሞቀው ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ውጭ ሳላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል፣ ካሜራው ውስጥ አይገባም። ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ጥቂት ሰዓት ስጡት። ሚሞሪ ካርዱን ግን ከማሸጋችሁ በፊት አውጡት፤ አለዚያ ፎቶውን ለማየት ስትቸኩሉ ከረጢቱን ያለ ጊዜው ትከፍቱታላችሁ።