የበቆሎው ጥቁር ዱቄት ከየት መጣ?

[ምስል፦ ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር። ነሐሴ። ከሰል ላይ የበቆሎ እሸት።]

በክረምት ጣና ዳር ሲወጡ አፍንጫ ራሱ መንገድ ይመራል። «እናቴ፣ ለጋውን ይስጡኝ» አልኳቸው በቆሎ ጠባሿን። ሽፋኑን ሲገልጡት ሦስት አራት ፍሬ እንደ አውራ ጣት አብጧል። ላዩ ግራጫ ነው። ጫን ሲያደርጉት ጥቁር ዱቄት በተነ። «አረማሞ በልቶታል» ብለው ወረወሩት።

[ምስል፦ ያበጠው ፍሬ በቅርበት።]

ጥላሸት ይመስላል። ግን የፈንገስ ዘር ነው፤ በሽታው ነው አረማሞ የሚባለው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። ከዚያ ነፋስ ወይም የዝናብ ፍንጣሪ በቆሎው ላይ ያሳርፈዋል።

አንዱ መግቢያው ጺሙ ነው። እያንዳንዱ የጺም ክር ወደ አንድ ፍሬ ይወርዳል። የአበባው ብናኝ ቶሎ ከደረሰ ክሩ ሥራውን ጨርሶ ይደርቃል፤ በሩ ተዘጋ። ከዘገየ ግን ፈንገሱ ይቀድማል። በረዶ ሲመታው ወይም በኩትኳቶ ዶማ ሲስት ደግሞ ቁስሉ ሌላ በር ነው።

[ምስል፦ የገብስ ዛላ፣ ቀጥሎ የስንዴ።]

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። «ዘሩን በመድኃኒት አሽቼው ነበር እኮ!» ይላል። የበቆሎው አረማሞ ግን ዋና መንገዱ ዘር አይደለም።

በዘር የሚመጣው የገብስና የማሽላው ነው። የገብሱ አንዱ ዓይነት በፍሬው ፋንታ ጥቁር ዱቄት ያጭቃል፤ ውቂያ ላይ ይፈርጥና ጤነኛው ፍሬ ላይ ይለጠፋል። ያ ፍሬ ሲዘራ ፈንገሱ ቡቃያው ውስጥ ገብቶ አብሮ ያድጋል። ሰብሉ ዛላ እስኪያወጣ ለዓይን ደህና ነው። ተንኮሉ! ዘር ማሸት የሚያዋጣው እዚህ ነው። ማሽላ ዘሪዎች ዘሩን በላም ሽንት የሚነክሩትም በከንቱ አይደለም።

የስንዴው ይብሳል። አበባ ላይ ገብቶ ፍሬው ውስጥ ይደበቃል። ላይ ላዩን ማሸት አይነካውም፤ ዘልቆ የሚገባ መድኃኒት ይፈልጋል።

[ምስል፦ የበቆሎ ማሳ።]

ለበቆሎው ዓይንና እጅ ነው። እብጠቱ ሳይፈነዳ ቆርጦ ከማሳ አውጥቶ መቅበር። ዩሪያ አለማብዛት።

ሜክሲኮ ውስጥ ግን በለጋነቱ ይበሉታል። ዊትላኮቼ ይባላል፣ ተፈላጊ ምግብ ነው። ይህን ለበቆሎ ጠባሿ ስነግራቸው ማራገቢያቸው እጃቸው ላይ ቀረ። «እነሱ ይብሉት» አሉና ጤነኛውን ገልበጥ አደረጉልኝ።